ያለ አስታማሚ አይመዘገብም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በበጋ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ነው። በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ስሠራ ከዚህ የከበዱ ነገሮች አይቻለሁ። ስለ እነሱ ጽፌ ወደ ሌላ ሥራ አልፌያለሁ። ይህን ግን አልጻፍኩትም። ከአእምሮዬ ያልወጣው ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች ደረት ላይ ተለጥፎ የልብ ምት የሚከታተል መሣሪያ ሠርተው ነበር። ምቱ ሲዛባ ወይም ሲጠፋ ለተረኛዋ ነርስና ለሕመምተኛው አስታማሚ በስልክ መልእክት ይልካል። ገንዘባቸውን ሊያፈሱበት ያሰቡ ባለሀብቶች ከአዲስ አበባ መጥተው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሙከራውን ሊያዩ ተሰበሰቡ። እኔም ለዘገባ እዚያው ነበርኩ።

ለማሳያ የተመረጠው ሕመምተኛ ለራጅ ተወስዶ ዘገየ። ከባለሀብቶቹ አንዱ "ለምን ጋዜጠኛው አይሞክረውም?" አለ።

"ልብ ካለው ነዋ" አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ። ሸሚዜን ከፈትኩ።

የቡድኑ መሪ ሰላማዊት መረጃዬን በስልኳ ታስገባለች፤ የምታስገባው ሁሉ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት አድራሻ። ቀጥሎ "አስታማሚ" የሚል መጣ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊደርስልኝ የሚችል ሰው ስምና ስልክ።

አሰብኩ። ወላጆቼ በሕይወት የሉም። አለቃዬ አዲስ አበባ ነው። ያከራዩኝ ሰውዬ ሐዋሳ ነው የሚኖሩት። ስልኬ ውስጥ ያሉት ስሞች ኃላፊዎች፣ ቃል አቀባዮችና የዜና ምንጮች ናቸው። በከተማዋ አራት ዓመት ኖሬ፣ ብታመም ይመጣል የምለው አንድ ሰው አጣሁ።

"እለፊው" አልኳት።

"አያሳልፍም ጋሼ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እዚህ አገር አስታማሚ የሌለው ሰው አይኖርም ብለን ነው የሠራነው።"

ባዶው ቦታ ግድግዳው ላይ ቀልቶ ቆየ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ቆማ ታያለች። አየለች ትባላለች፤ ባሏን ከገረሴ አምጥታ ከጎን ባለው ክፍል ታስታምማለች።

"የኔን ጻፊለት" አለች። "እዚሁ አይደለሁ?"

"ዝምድናችሁስ?" አለቻት ሰላማዊት።

ትንሽ አሰበች። "እህት በይ።"

መሣሪያውን ለሦስት ቀን እንዳላወልቀው ተነግሮኝ ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ መሣሪያው በላብ ተላቀቀ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ገላዬን ታጠብኩ። ከዚያም የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ መጻፍ ጀመርኩ። ጠረጴዛ ደግሞ ልብ የለውም።

በሩ በኃይል ተንኳኳ። ስከፍት አየለች ናት፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጠቅልሎ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ከበስተኋላዋ የባጃጁ ሹፌር አንገቱን አስግጎ ያያል።

"አለህ?" አለች።

"አለሁ።"

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ከባሏ ጋር ከተኙት ሕመምተኞች አንዱ መልእክቱንና አድራሻዬን አንብቦላት፣ ባሏን ለእሱ አደራ ብላ ነው የመጣችው።

"መሣሪያውን ለጌጥ ነው የሰጡህ?" አለች። "ሬሳ ላገኝ ነው የመጣሁት እኮ።"

ይቅርታ ጠየቅኳትና ውሃ ሰጠኋት። እየጠጣች ወደ ውስጥ ተመለከተች። ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው።

"እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጣል?"

"መጥቶ አያውቅም" አልኳት።

በዚያው ባጃጅ አብሬያት ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ለባሏ በጋሞኛ ስትነግረው፣ የተሰፋ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለቱ የራሳቸውን ወሬ ያዙ፤ ተሰናብቼ ወጣሁ።

በዘገባዬ መልእክቱ ወዲያው መድረሱን፣ አስታማሚዋም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መምጣቷን ጻፍኩ። ሁለቱም እውነት ናቸው። አስታማሚዋ የማን አስታማሚ እንደነበረች ግን አልጻፍኩም።

ባልና ሚስቱ ወደ ገረሴ ተመልሰዋል። ሁለት ጊዜ ደወልኩላት፤ ስልኳ አይሠራም። እኔም እንደ ድሮው ብቻዬን እኖራለሁ፤ ለዚህ ማንንም አልወቅስም።

አሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። የዚያን ቀን ስልኬን ሳይ ነርሷ ደጋግማ ደውላ አገኘሁ። መልእክቱ የደረሰው ለእኔ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። እደውላለሁ፣ ሰላማዊትን እጠይቃለሁ፣ መሣሪያው ተሳስቶ እንደሆነ አጣራለሁ። ሙያዬ ነው። አየለች ግን ምንም አላጣራችም። ነጠላዋን አንሥታ መጣች።