ቅዳሜ እንጅባራ፣ እሑድ ዳንግላ

ፒካፑ አጠገቤ ሲደርስ ዝግ አለ። ውሃ ሊሰጡኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ከፊት የተቀመጠው የውድድሩ አስተባባሪ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ግቢ። ውድድሩ አልቋል» አለኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ከእንጅባራ ተነሥተን በጥርባ በኩል የዘንገናን ሐይቅ አልፈን የምንመለስበት የሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረኛል። ሰዓቴን አየሁ፤ ከተነሣን ገና ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።

«ሦስት ሰዓት ነው ያላችሁት እኮ!» አልኩት እየሮጥኩ።

«እሱማ ነው። ግን ሁሉም ገብቷል፤ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ታዲያ ሰዓቱ እስኪሞላ ጠብቁኛ!»

«ለጤናሽ ብለን እኮ ነው፣ እህቴ።»

ሾፌሩ ሳቀ። ከዚያ ቀድመውኝ ሄዱና መንገዱ ዳር የቆሙትን ምልክቶች አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። የውሃውን ጠረጴዛም አነሡት። እኔ ምላሴ ደርቆ፣ መኪናው ላይ የተጫነውን የውሃ ካርቶን እያየሁ ከኋላቸው ሮጥኩ።

አትሌት አይደለሁም። ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እንጅባራ መሬት ጽሕፈት ቤት መዝጋቢ ነኝ። ሩጫ የጀመርኩት ሐኪሙ «ስኳርሽ እየጨመረ ነው፣ ከወንበርሽ ተነሺ» ስላለኝ ነው። ዩኒቨርሲቲው ገና በሚገነባበት ሜዳ ዳር ሦስት ዓመት ሮጫለሁ። ሲሚንቶ የሚያወርዱት ሰዎች «ማን እያባረራት ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኛ አገር የሚሮጥ ሰው ማሸነፍ አለበት። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም ወፈር ያለች፣ ሰው ሁሉ እንዲመክራት የተፈቀደባት ናት። ሁለት ውድድሮች በአንድ ቅዳሜና እሑድ መዋላቸውን ስሰማ ለሁለቱም ተመዘገብኩ። እችል እንደሆን ማየት ፈለግሁ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሜዳው ስደርስ ባነሩ ተጠቅልሏል። የድምፅ ማጉያውን ሁለት ሰዎች ተሸክመው እየወጡ ነው። በኖራ የተሰመረችው መስመር ብቻ ቀርታለች፤ እሷንም ጫማ ረግጦ አጥፍቷታል። ተሻግሬያት አስተባባሪው ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አራት» አልኩት። «ጻፈው።»

«መዝገቡ ተዘግቷል። አንቺ አቋርጣለች ተብለሽ ተጽፈሻል።»

«ማን ነው ያቋረጠ? ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ አይደለም እንዴ?»

«አትጩኺ፣ እህቴ። ነገ ዳንግላም ተመዝግበሻል መሰለኝ። እሱን እንኳ ብትተዪው ምናለ?»

ካልሲዬ ውስጥ ደም አለ። ሰውዬው ለአንዲት መስመር ጽሑፍ እስክሪብቶውን ከኪሱ ማውጣት ከብዶታል። ጠረጴዛውን ብገለብጠው ደስ ይለኝ ነበር። አልገለበጥኩም፤ እንባዬ ስለመጣ ፊቴን አዞርኩ። በዚያም የበለጠ ተናደድኩ።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ዳንግላ ገባሁ፤ እኅቴ ጋ ለማደር። እግሬን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነገሩን ስነግራት፣ «ለወረቀት ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለችኝ። ከእሷም ጋር ተጣላሁ።

እሑድ ጠዋት ጭኖቼ እንጨት ሆነው ተነሡ። ደረጃውን በጎኔ ወረድኩ። መነሻው ላይ ያው አስተባባሪ ቆሟል፤ ሁለቱንም ውድድር የሚመራው እሱ ነው።

«መጣሽ?» አለኝ።

«ዛሬም ሦስት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት ነው።»

«እንግዲህ ሰው ሁሉ ሰምቷል» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

የዳንግላው ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ሯጮቹ ወዲያው ከዓይኔ ጠፉ። እኔ ንዴቴን እያኘክሁ ቀጠልኩ። በየእርምጃው ለአስተባባሪው የምመልስለትን ቃል አዘጋጃለሁ፤ አንዱን እጥልና የባሰውን አነሣለሁ። እውነቱን ለመናገር ዳገቱን ያወጣኝ ያ ነው።

ዐሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል። አንዲት ነጠላ የለበሱ፣ ጃንጥላ የያዙ እናት ከጎኔ ሆኑ። እኔ እሮጣለሁ፣ እሳቸው ይራመዳሉ፤ እኩል እንሄዳለን።

«አንቺ፣ የመሬት ቢሮዋ ልጅ አይደለሽም?»

ያወቀኝ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። «ነኝ፣ እናቴ። እርስዎ ከየት ነዎት?»

«ከጥርባ ወዲያ ነኝ። ልጄ እዚህ ወልዳ፣ አራስ ልጠይቅ መጥቼ ነው።» ጃንጥላቸውን አዘንብለው አዩኝ። «አምና ሰኔ ላይ መልሰሽኛል።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«መዝገቡ ተዘግቷል ብለሽ።»

ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ መሬታቸው በሟቹ ወንድም ስም ተለጥፎ ኖሯል። ቅሬታ ያለው እስከ አርብ ይምጣ ተባለ። እሳቸው ሐሙስ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ብሏቸው አርብ በእግራቸው መጡ። «አሥር ሰዓት ተኩል ነበር» አሉኝ። «ግድግዳችሁ ላይ ያለውን ሰዓት ዘበኛውን አስነብቤዋለሁ። ሥራችሁ እስከ አሥራ አንድ ነው። አንቺ ቦርሳሽን አንግተሽ ቆመሻል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መሬቱ ለሱ ጸደቀ። ለከሰል የሚሆነው ዛፍ፣ ዲከረንሱ፣ ከነቁመናው ሄደ። ከባሌ ጋር የተከልነው ነው።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ መመሪያውን ነው…» ብዬ ጀመርኩ። የትናንቱን ሰውዬ ድምፅ ከራሴ አፍ ሰማሁትና አቆምኩ።

«ሰዓቱ አልሞላም ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ወደ ልጃቸው ቤት የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ጃንጥላቸውን ወደ ሌላው እጅ አዙረው ሄዱ።

ፊታቸውን ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። አርቡ ግን መጣልኝ። ዝናቡ ሳይወርድ ቤቴ ልግባ ብዬ መዝገቡን ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጌ የዘጋሁበት ቀን ነው። ያን ቀን ስንት ሰው እንደመለስኩ አላውቅም። ሰው መመለስ በልቤ አይቆጠርም ነበር። በአስተባባሪው ላይ የነበረኝ ንዴት አልበረደም፤ አሁን እኔንም ጨመረ። እንዲህ ያለ ንዴት ማንም ላይ አይወጣም። ጥርሴን ነክሼ ሮጥኩ።

መጨረሻው ሲታየኝ ሁለት ሰዎች የባነሩን ገመድ ይፈታሉ።

«አትንኩት!» ብዬ ጮህኩ። «አሥራ ሦስት ደቂቃ ይቀራል! እንዳትነኩት!»

ያ ጩኸት ከየት እንደወጣኝ አላውቅም። ሰዎቹ ገመዱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ባነሩ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ብዬ በሥሩ ገባሁ። አስተባባሪው ወረቀቱን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ እጄን ዘረጋሁ።

«ስጠኝ።»

«እንዲህ አይሠራም፣ እህቴ።»

«እህትህ አይደለሁም። ስጠኝ።»

የቆመው ሰው ሁሉ ያየናል። ሰጠኝ። ስሜንና ሰዓቴን በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጥቦ ከላይ ያለውን ስም አበላሸው። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ሲለጠፍ ዝርዝሩ ከእኔ በፊት በገባው ሰው ስም አልቋል። የቅዳሜውም እንደተጻፈ ቀረ፤ አቋርጣለች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ የሴትዮዋን ፋይል አስወጣሁ። «የቅሬታው ጊዜ ሳይሞላ መዝገቡን ዘግቼ የመለስኳቸው እኔ ነኝ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩና ለኃላፊዬ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ምን ነካሽ? ራስሽን ልታስቀጪ ነው?»

«የሆነውን ነው የጻፍኩት።»

«ያለቀ ጉዳይ ነው እኮ። ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ያናደደኝም እሱ ነው።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ባልደረቦቼ ሻይ ሲወጡ መጥራቱን ተዉት፤ የእነሱንም ስም ያጠፋሁ ያህል ቆጠሩት። የጻፍኩትን ግልባጭ ጥርባ ድረስ ወስጄ ለሴትዮዋ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ ግቢ ግን አላሉኝም። ፍርድ ቤት ሄዱበት። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሬቱ ተፈረደላቸው። በዚያ መሐል የባላቸው ወንድም ዛፉን ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ፣ ጭኖ ጨርሶታል።

ፍርዱ የተነበበ ዕለት ፍርድ ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው። «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ።

«በምኑ? ጉቶ እኮ ነው የተመለሰልኝ።» ወደ ባጃጁ ሊገቡ ሲሉ ዘወር አሉ። «ጉቶ የሚነቅል ሰው ታውቂያለሽ?»

«እኔ እመጣለሁ።»

«አንቺ?» እጆቼን አዩ። «ነይ እንግዲህ።»

ቅዳሜ ዶማና መጥረቢያ ተውሼ ሄድኩ። መሬቱ ከነአመዱ፣ ከሰሉ የከሰለበት ቦታ ጥቁር ክብ ሆኖ፣ ጉቶው እንደ ጥርስ አግጦ ይታያል። የዲከረንስ ሥር ከላይ ቀላል ይመስላል እንጂ ሥር ሥሩን ሲቆፍሩት አያልቅም። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ያዝን። ቀኑን ሙሉ ሃያ ቃል የተለዋወጥን አይመስለኝም። መጥረቢያውን ባነሣሁ ቁጥር በባላቸው ወንድም እናደዳለሁ፣ በኃላፊዬ እናደዳለሁ፣ በዚያ አርብ በመጣው ዝናብ ሳይቀር እናደዳለሁ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስድስት ጉቶ ነቅለናል። የቀረው ግን ብዙ ነው። እሳቸው ቤት ገብተው የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ይዘው ወጡ፤ ሚጥሚጣ በጎኑ አለ። ከተነቀለው ጉቶ በአንዱ ላይ አስቀምጠውት፣ በሌላው ላይ እሳቸው ተቀመጡ።

«ብዪ» አሉኝ። «ሳይቀዘቅዝ።»