የግራ በር ማጠፊያ

ሎወል ሃስኪንስ ምድር ቤቱ ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መኪኖች አሉት። ሁሉም ክፍላቸው ተበታትኖ በሳጥን የሚሸጥ፣ ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ ሞዴሎች ናቸው። እንደ ሳጥኑ ሥዕል የተገጠመ ግን አንድም የለም። የአንዱን ሳጥን ቦዲ ከሌላው ሳጥን ሻንሲ ጋር፣ የእሳት አደጋ መኪና ሞተር ከቤት መኪና ኮፈን ሥር እያጋባ ነው የሚሠራው። በሚኖርባት በቶሌዶ ከተማ ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ሳጥኑ ውስጥ ያገኘውን እንዳለ ለጣጥፎ "ሠራሁ" የሚል ሰው፣ የጎረቤት ምግብ አሙቆ "አበሰልኩ" ከሚል ሰው ተለይቶ አይታይም።

መኪኖቹን የሚያይለት ሰው የለም። ሚስቱ ጆይስ ከስድስት ዓመት በፊት "ብርዱ እስኪያልፍ እህቴ ጋ ልቆይ" ብላ ፍሎሪዳ ሄደች፤ ብርዱም አላልፍ አለ። ልጅ አልወለዱም። ከመስታወት ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ቡናውን ቆሞ ይጠጣና ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ምሳ ሲደርስ የቆርቆሮ ሾርባ አሙቆ እዚያው ይበላል። አንድ መኪና ባለቀ ቁጥር ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያዞረውና "አየኸው?" ይላል። ለማን እንደሚል ያውቃል፤ ስሙን ግን አይጠራም።

የሚለው ለታናሽ ወንድሙ ለቨርጅል ነው።

ልጆች ሳሉ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበራቸው። ከየሳጥኑ የተረፈው ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ ሁሉ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀለም የሎወል ነው፤ ዓይን የሚያፈዝዘው ጥቃቅን ሥራ ደግሞ የቨርጅል። ቨርጅል አንድ አመል ነበረው። ሲናደድ አይጮህም፣ አይማታም፤ ከሚሠሩት መኪና ላይ አንዲት ዕቃ ያነሳና የደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። አንዴ መሪውን፣ አንዴ የኋላ መስታወቱን። መኪናው ያለዚያች ዕቃ አያልቅምና ሎወል መሄድ ግድ ይሆንበታል። ይሄድና እጁን ዘርግቶ "አምጣት" ይላል። ይቅርታ የለ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው የለ። ዕቃዋ መዳፉ ላይ ትቀመጣለች፤ ኩርፊያው በዚያው ያልቃል።

ሎወል ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ቨርጅል ሃያ እያለ፣ ትልቋን ሠሩ። የአሥራ አራት ሳጥን ዕቃ የገባባት፣ ጣሪያዋ ተቆርጦ ዝቅ ያለ፣ የበሰለ ቼሪ የሚመስል ጥቁር ቀይ ቀለም የተቀባች ባለሁለት በር መኪና ነበረች፤ ስሟም በቀለሟ ቼሪ ተባለ። ያያት ሁሉ የሚያወራው ስለ በሮቿ ነው። በዚያን ጊዜ የሞዴል መኪና በር ከተከፈተ ወይ ይንጠለጠላል ወይ ይወድቃል። የእሷ በር ግን ቀስ ብሎ ይከፈትና ባቆሙት ቦታ ቀጥ ይላል። ማጠፊያውን ከቀጭን የነሐስ ቱቦ ሞርዶ የሠራው፣ ከጊታር ክር የቆረጣትን ፒን በወረንጦ ይዞ ያሳለፈው ቨርጅል ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሎወል ትንፋሹን ውጦ በሩን ይዞለት ነበር።

ዲትሮይት ከተማ ወደተደረገው የሞዴል መኪና ውድድር ሎወል ብቻውን ሄደ፤ ቨርጅል ቅዳሜውን ነዳጅ ማደያ ተረኛ ነበር። ተወዳዳሪ ሁሉ የሚሞላው ካርድ አለ። እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው ሳጥን እንደመጣ፣ ምኑ እንደተቆረጠ፣ ምኑ በእጅ እንደተሠራ አንድ በአንድ ይጻፍበታል። ዳኛ መኪናውን መንካት ስለማይፈቀድለት ካርዱን አምኖ ነው የሚፈርደው። ሎወል ሠላሳ አንድ መስመር ሞላ። የኋላ መብራቶቹ ከየት እንደመጡ እንኳ አልዘለለም። ማጠፊያው ጋ ሲደርስ "በእጅ የተሠራ" ብሎ አለፈ። ከላይ "ሠሪ" በሚለው ቦታ የራሱን ስም ጻፈ። ቦታው ጠባብ ነበር ይላል እስከ ዛሬ። እውነት ነው ጠባብ ነበር፤ ሁለት ስም ግን ይይዝ ነበር።

መኪናዋ አንደኛ ወጣች። ፎቶዋ መጽሔት ላይ ታተመ፤ ከሥሩም "ሠሪ፦ ሎወል ሃስኪንስ፣ ቶሌዶ" ይላል። ቨርጅል መጽሔቱን ያየው አንድ ደንበኛ ማደያው ውስጥ ጥሎት ሄዶ ነው። ከሥራ እንደወጣ የቅባት ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ቤት መጣ፣ መደርደሪያው ፊት ቆሞ መኪናዋን ብዙ አያት፣ ወጥቶ ሄደ። ሎወል ተንደርድሮ ፈተሻት። መሪዋ አለ፤ መስታወቶቿ አሉ፤ አራቱም ቸርኬዎች አሉ። ምንም አልተወሰደም። እፎይ አለ፣ ቂሉ! መፍራት የነበረበት ያኔ ነበር። ቨርጅል ምንም ባለመውሰዱ፣ ሎወል ሄዶ "አምጣት" የሚለው ነገር አልተወለትም።

ይህ ከሆነ አርባ አንድ ዓመት አለፈ። ቨርጅል ጎረቤት ከተማ ማውሚ ነው የሚኖረው፤ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አባታቸው ሲቀበር የሬሳ ሳጥኑን ግራና ቀኝ ሆነው ተሸከሙ እንጂ ቃል አልተለዋወጡም። ሎወል በየዓመቱ ለገና ካርድ ይገዛለታል፤ በየዓመቱም መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

በዚህ ዓመት ጥር ላይ አቧራ ሲጠርግ የቼሪዋ የግራ በር እጁ ላይ ቀረ። ማጠፊያው ተበጥሷል። ሎወል ቱቦ ገዛ፣ ሞረድ ገዛ፣ አጉሊ መነጽር ግንባሩ ላይ አሠረ። የሞረደው ቁራጭ ሁሉ ከወረንጦው እየተስፈነጠረ ምንጣፍ ውስጥ ገባ። የተረፈውም ሲገጠም በሩ ይንጋደዳል። ወር ሙሉ ሲታገል ከረመና በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ በሩን በሙጫ ለጠፈው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ለፕላስቲክ በር ያለቅሳል እንዴ? ወንድሙ ናፍቆት ነው።

በዚያው ሰሞን የሞዴል ሠሪዎች ክበብ ጸሐፊ አርሊን ደወለች። አርሊን ባሏን ተከትላ ክበቡ ውስጥ የገባች፣ ባሏ ከሞተም በኋላ ልውጣ ያላለች ሴት ናት።

"ሎወል፣ ዘንድሮ በውድድራችን ለድሮ ዋንጫ በላዎች ለብቻ ጠረጴዛ አዘጋጅቻለሁ። ያቺን ቼሪህን ይዘህ ና።"

"በሯ ተሰብሯል።"

"ያንተስ ጉልበት መች ደህና ሆነ? አንተ ትመጣ የለም እንዴ! ካርዱን በፖስታ ልኬልሃለሁ።"

ካርዱ ሲደርሰው ሎወል ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶት ግማሽ ቀን አፈጠጠበት። ከዚያ ጻፈ። "ሠሪ፦ ቨርጅል ሃስኪንስ እና ሎወል ሃስኪንስ።" ቦታው በቃ። ጣሪያውን የቆረጠ ቨርጅል፤ ዳሽቦርዱን የሠራ ቨርጅል፤ ማጠፊያዎቹ የቨርጅል፤ ቀለሙ የሎወል። ሲጨርስ ከሠላሳ አንዱ መስመር አሥራ ዘጠኙን የወንድሙ ሥራ ሆኖ አገኘው። እፍረቱ ጆሮው ድረስ አቃጠለው። በመጨረሻው መስመር ላይ "የግራ በር፦ ማጠፊያው ተሰብሮ በሙጫ ተለጥፏል። የለጠፈው ሎወል ነው። ማጠፊያውን መሥራት አልቻልኩም" ብሎ ጻፈ።

ያንኑ በሌላ ወረቀት ገለበጠና የውድድሩን ቀንና ቦታ ጨምሮ ወደ ማውሚ በፖስታ ላከው። ሌላ ቃል አልጻፈም። አንዲት ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት? ሎወል ግን ካርድ መሙላት እንጂ ደብዳቤ መጻፍ አያውቅበትም።

ውድድሩ የተደረገው መጋቢት ላይ፣ በረዶና ዝናብ በተደባለቀበት ቅዳሜ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ነው። ሎወል ከሁሉ ቀድሞ ገባ፣ መኪናዋን ከጫማ ካርቶን አውጥቶ ካርዷን ከጎኗ አቆመና ወንበሩን ወደ መግቢያው አዙሮ ተቀመጠ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱ ይሰግጋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የገባው ሁሉ ሌላ ሰው ነበር። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ ነበር፤ ሰውዬው የሶዳ ማሽኑን ሊጠግን የመጣ ሆኖ ተገኘ።

"ገበሬ ዝናብ እንዲህ አይጠብቅም" አለችው አርሊን። "ሂድና ብላ። እኔ እጠብቅልሃለሁ።"

"አልራበኝም።"

"አልጠየቅኩህም። የቼሪ ፍሬው ኬክ ሊያልቅ ነው።"

ሄደ። የተፈጨ ሥጋ በዳቦ ተቀብሎ ሳይቀመጥ ሊመለስ ሲል ዴልማር ያዘው። ዴልማር ስለ ጎማ ማውራት ከጀመረ የማያቆም ሰው ነው፤ ስለ ጎማ ጥርስ አሠራር ሃያ ደቂቃ አስተማረው። ሎወል በመጨረሻ ዳቦውን እንደያዘ ጥሎት ሲመለስ ከመኪናዋ አጠገብ አንድ የክብሪት ቀፎ ተቀምጧል።

"ይሄ ምንድነው?"

"አንድ ሰውዬ ትቶት ሄደ" አለች አርሊን። "ደግ ሰው ይመስላል፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ነው ያየው፣ እንደ ደንቡ። ከመኪናዋ ይልቅ ካርዱን ነው ሲያነብ የቆየው።"

ሎወል ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ወንበሩን ይዞ "ምን አለ?" አላት።

"በሩን የለጠፈው እውነት ሎወል ነው ወይ አለኝ። ሎወል ነው አልኩት።"

"እሺ?"

"'ያስታውቃል' አለ።"

"ከዚያስ?"

"ሄደ። ሎወል፣ እንድይዘው ብትነግረኝ እኮ እግሩ ላይ እቀመጥበት ነበር!"

ሎወል ወደ ውጭ ሮጠ፤ የሱ ሩጫ ሩጫ ከተባለ። መኪና ማቆሚያው ላይ በረዶው ውስጥ አዲስ የጎማ ዱካ አለ፣ ሰው የለም። እርጥብ ሆኖ ተመለሰና ቀፎውን ከፈተ። ጥጥ ላይ ሁለት የነሐስ ማጠፊያዎች ተኝተዋል፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ ጠርዛቸው የጠራ፣ አዲስ። ቨርጅል በስድሳ አንድ ዓመቱ፣ በደከመ ዓይኑ፣ ተቀምጦ ሞርዷቸዋል። ሎወል ጥጡን ገለጠ። ጥጡን በተነ። ማጠፊያዎቹን የምታያይዘው ፒን የለችም።

"ወደቀች" አለና በእንብርክኩ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

በዚህ አዳራሽ ሰው ሲንበረከክ ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ደርሶበታል። "ምን ታህላለች?" አለ ዴልማር፣ እሱም እየተንበረከከ። "ቀጭን ሽቦ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል።" ባትሪ መጣ፣ ማግኔት መጣ፣ ከዳኞቹ አንዱ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ በደረቱ ተኛ። አሥር አሥራ አንድ ሽማግሌ ወለሉን በመዳፋቸው ሲዳብሱ ሩብ ሰዓት አለፈ። አምና የጠፋ አንድ የጎን መስታወትና ሁለት ብሎን ተገኙ፤ ፒን የለም።

ሎወል ድንገት እጁን ከወለሉ አነሳ። እዚያው ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለጠረጴዛው እግር ሰጥቶ። ፊቱ ሁሉ ተለዋወጠ።

"ተዉት" አለ። "ተነሱ።"

"አገኘሃት?"

"አዎ።"

"የታለች?"

"ማውሚ ናት። በወንድሜ የደረት ኪስ ውስጥ።"

"ረስቶ ነው?" አለች አርሊን፣ ጉልበቷን እያራገፈች። "ቤት የጊታር ክር አለኝ፣ አንዲት ቆርጬ ላምጣልህ።"

"ቨርጅል ፒን አይረሳም።" ሎወል ተነሳና መኪናዋን ወደ ጫማ ካርቶኑ መለሳት፤ ቀፎውንም ከጎኗ አደረገ።

"ዳኞቹ አልጨረሱም እኮ! አሁን ከወሰድካት ከውድድር ትወጣለች።"

"ትውጣ።"

መኪናው ውስጥ ገብቶ ካርቶኑን ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀመጠና ቀበቶ አሠረለት። መስታወቱ በረዶ ለብሷል። እጁን ከመሪው አንስቶ ዘረጋው፤ ባዶ መዳፉን አየው። የምትባለው ቃል አንዲት ናት፣ በልጅነቱ መቶ ጊዜ ብሏታል።

"አምጣት" አለ። አልቀናችውም። ደግሞ ሞከረ፤ ትንሽ ተሻለች። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።