የሙሜ በር

ባሌ ሙሜ አናጢ ነው፤ ጣውላውን እንደ አራስ ነው የሚጠብቀው። ክረምት ሲገባ፣ እኔ ጓዳ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እሱ በሥራ ቤቱ ለጣውላው ከሰል ያቀጣጥላል። በጋ ሲሆን ደግሞ እንዳይሰነጠቅበት የጫቴን እርጥብ ጆንያ ሰርቆ ያለብሰዋል። ለገበያ ያሰናዳሁት ጫት ጠውልጎ ስጮህበት፣ «ኩብራ፣ እንጨትም እኮ ይጠማዋል» ይለኛል።

የገዛ ቤታችንን በር ግን ለሠርጋችን ተጣድፎ በእርጥብ እንጨት ነው የሠራው። አምና ሐምሌ ላይ ደበሌ የሚባል ሰው በር ሊያሠራ ከገለምሶ ድረስ መጣ። በራችን በዝናቡ አብጦ አልከፈት አለ። ሙሜ ከውስጥ ታገለ፣ ሰውየው ከውጭ ታገለ፤ በመጨረሻ እንግዳችን በመስኮት ገባ። ሱሪውን አራገፈና፣ «ሙሜ፣ በሩ ይቅርብኝ» አለ። «መስኮት ሥራልኝ።»