ጉራጌ አገር ሊኬድ ላንቻ ተደረሰ

ንጋት፣ ካዛንቺስ

ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ ፒክአፑ ተጭኗል፤ ጨው፣ ስኳር፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ለአጎቴ ሚስት ነጠላ። አባባ ከሁላችን ቀድመው ጋቢና ተቀምጠዋል። በጉልበታቸው ሕመም ሦስት መስቀል አዲስ አበባ ቀርተዋል። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሳይመርቅ ማዕድ አይነካም። አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ "ዘንድሮ እሱ ካልመጣ እኔ አልመርቅም" ብሎ ምሏል። ነገ መስቀል ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ መድረስ አለብን።

ከግቢያችን በር ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፤ ቆመ። ባለቤቴ በሩን እስክትከፍት እግሬን ሳላነሳ ብጠብቅ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ቆመ። ምን ጉድ ነው?

ረፋድ፣ እዚያው ካዛንቺስ

በእኛ ሰፈር ኮፈን ተከፍቶ ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር።

"ፍሬን ዘይቱን አየኸው?"

"ሙሉ ነው።"

"እንግዲያው ጎማ ሥር ፈልግ፤ የሆነ ቦታ ያፈሳል።"

በክሪክ እያነሳሁ አራቱንም አየሁ። ደረቅ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ገብተው ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ ረገጡት።

"ይሄማ ድንጋይ ነው! እንቅልፍህን ሳትጨርስ ተነስተህ ነው ልጄ።"

አላፊ አግዳሚው ተራ በተራ እየገባ ረገጠ። አንዱ የፍሬኑ ሸራ አልቆ ነው አለ፣ አንዱ አየር ገብቶ ነው፣ የቀረው ጤነኛ ነው ብሎ ፈረደ። እኔም ቶሎ ቶሎ ስረግጠው እውነትም ድንጋይ ነው። በዓይኔ ያየሁትን መጠራጠር ጀመርኩ።

"እስቲ እኔ ልርገጠው" አሉ አባባ። መንዳት ስለማይችሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ደግፌ መሪው ጋ አስቀመጥኳቸው። ጉልበታቸው እግራቸውን ቶሎ ቶሎ ስለማያስነሳቸው አንዴ ረግጠው እዚያው ተዉት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ዞር ብለው የተጫነውን ዕቃ አዩና፦

"እግሬን ይዞት ወረደ" አሉ።

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን አጨበጨቡ። "ጎሚኒው ነዋ! የፍሬን ፓምፑ የውስጥ ላስቲክ አልቋል። ዘይቱ ውጭ አይፈስም፣ ውስጥ ለውስጥ ያመልጣል። እኛ ስናጣድፈው ነው የሸወደን። በዚህ መኪና ቁልቁለት እንዳትወርድ!"

ቀትር፣ ላንቻ

ጎሚኒ ፍለጋ በታክሲ ላንቻ ወረድኩ። የመጀመሪያው የመለዋወጫ ሱቅ ዝግ፣ ሁለተኛው ዝግ፣ ሦስተኛውም ዝግ። አጠገቡ ካለው ካፌ አስተናጋጇን ጠየቅኳት።

"ባለቤቶቹ ለመስቀል አገራቸው ገብተዋል" አለችኝ። "አንተስ ከየት መጥተህ ነው? በመስቀል ዋዜማ የጉራጌ ሱቅ ይፈለጋል እንዴ?"

የጉራጌ ልጅ ነኝ ብላት ምን ትለኝ ይሆን? አፍሬ ወጣሁ። ስታዲየም አካባቢ አንድ ክፍት ሱቅ አገኘሁ፤ ያለው ጎሚኒ ግን ለእኛ መኪና አይሆንም። አውቶቡስ እንዳንሳፈር፣ እንኳን ጉልበት የሚያመው ሽማግሌ ጤነኛውም በግፊያ መቀመጫ አያገኝም።

አመሻሽ፣ መልስ

አባባ አሁንም ጋቢና ውስጥ ናቸው። ባዶ እጄን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እርጋታቸው አናደደኝ።

"አባባ፣ ባይናገሩ ኖሮ እኮ ይሄኔ ደርሰን ነበር። ማንም አላወቀም።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ዝም ልልም ነበር። መስቀል በዓመቱ ይመጣል፤ ልጅ ግን አይመጣም።"

ስልክ አስደወሉኝና ወንድማቸውን "እኔ አልመጣም፤ ድምፁን ከፍ አድርገውና ለሁሉም አሰማ" አሉት። እዚያው መኪናው ውስጥ ሆነው ለልጁም፣ ለከብቱም፣ ለአዝመራውም መረቁ። ከስልኩ ውስጥ "አሜን!" ሲባል እኛ ግቢ የቆመውም ሰው "አሜን!" አለ።

ደግፌ ቤት አስገባኋቸው። ጉልበታቸው አላስጎነብስ ስላላቸው ጫማቸውን ላወልቅላቸው ተንበረከክሁ። ለመንገዱ የተገዛ አዲስ ነው፤ ሶሉ የአገር ቤት አፈር አልነካም።