ያኔ ስንት ታወጣ ነበር

ከገጠር ከሚመጣው የጎረቤላ መኪና ወርዳ ወደ ይትባረክ የሞባይል ሱቅ የገባችው ሴትዮ ጥቁር ቀሚሷ ከመታጠብ ብዛት አፈር መስሏል። "ይቀመጡ እማማ" ቢላት "መቆም ይሻለኛል" አለችው። ቆማም ግራ አንጓዋን በቀኝ እጇ ጨብጣ ታሻሽ ጀመር፤ የሚያማት ትመስላለች። ቆይታ ከጉያዋ መሐረብ አወጣችና ቋጠሮውን ፈታች።

የኳስ ተጫዋች ምስል ያለባት ካርድ ናት። ተጫዋቹ በገዛ እጁ ፈርሞባታል፤ ጥጓ ላይም በዓለም አሥር ብቻ መታተሟን የሚናገር ቁጥር አለ። ይትባረክ ፈረንጆች በውድ የሚሰበስቧቸውን እንዲህ ያሉ ካርዶች ኢንተርኔት ላይ እያየ ዋጋ መገመት ይወዳልና ጓጉቶ አነሳት። ግን ካርዷ እንደ መታወቂያ በፕላስቲክ ታሽጋለች።

"ላሚኔት ባያስደርጓት ኖሮ ብርቅ ነበረች እማማ። አሁን ማንም አይገዛትም።"

"ዝናብ እንዳይነካት ብዬ ነው" አለች፣ ፊቷ ምንም ሳይለወጥ። "ደግሞ ያሁኑን አልጠየቅሁህም። ያኔ፣ ልጄ ከልባሽ ኮት ኪስ ውስጥ ሲያገኛት፣ ስንት ታወጣ ነበር?"

ይትባረክ ስልኩን ሲጎረጉር ቆይቶ አምሳያዋን አገኘ።

"ቤት ታሠራ ነበር።"

"እሱም ቤት እንሠራባታለን ነው ያለን። በዚች ወረቀት ቤት ሲል ጊዜ ለይቶለታል ብለን እጁን አስረን ጠበል አስገባነው።"

ይትባረክ "ታዲያ ተሻለው?" ሊል አፉን ከፈተና ቀሚሷን አይቶ ተወው። ሴትዮዋ ካርዷን መልሳ ቋጠረች።

"ለካስ ጤነኛ ነበር" አለች፤ እጇም ተመልሶ አንጓዋን ያዘ።