የእታገኝ መስመር

የተቃጠለ ሽቦ ከሸተተኝ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ሳልማር የተካንሁ ሰው ነኝ! ትናንት ግን መብራት ልጠግን ዘንዘልማ አንድ ቤት ገብቼ ያ ሽታ ሲመጣ ሳቄ ጠፋ።

ልጅ ሳለሁ ግሽ ዓባይ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዲሁ ይሸት ነበር። ምጣዱም ስቶቩም በአንድ መስመር ስለተሰኩ ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ይወርድ ነበር። አባቴ ሌላ ወፍራም መስመር ዘርግተው ነበር፤ ግን ለእህቴ ለእታገኝ ክፍል ብቻ። እሷ አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል። ስትመለስ የስፌት መኪና ታስገባበታለች ብለው ነው።

«አባባ፣ ምጣዱን በዚያኛው ላዙረው? አሁን እኮ ክፍሏ ውስጥ ያሉት አይጦች ናቸው!» ብዬ አንድ ቀን ቀለድሁ።

ማንም አልሳቀም። ቀልዴ ያልሠራው ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ቀስ ብለው «የእሷን አትንካ ልጄ» አሉኝ። «ስትመጣ ድርሻሽን ወሰድንብሽ ልንላት ነው?»

ኋላ አባቴ ዐረፉ። እናቴ ዛሬም ምጣዱ ሲሰካ ወጡን በከሰል ትሠራለች። በከተማው አንደኛ ነኝ የምለው እኔም ያንን መስመር አልነካሁትም፤ አምፖል እንኳ በርቶበት አያውቅም። ካላመናችሁ ሂዱና ጎረቤቶቻችንን ጠይቁ። እናቴን ብቻ አትጠይቁ፤ «መጣች እንዴ?» ትላችኋለች።