በትከሻዬ ልክ የተሠራው ብረት

የወንድሜ ልጅ ሠርግ ስለደረሰ ባለፈው ሳምንት ቀሚስ ልለካ ጎፋ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ነው የሚያወራው። ጀርባዬን ለካ፣ ወገቤን ለካ፣ ከዚያ ሁለት እጆቹን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ቆም አለ። "እትዬ፣ ቀኝ ትከሻዎ ዝቅ ያለ ነው" አለኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ቀንሶ። ምንም ችግር እንደሌለው፣ በዚያ በኩል ስፖንጅ ደርቦ እንደሚያስተካክለው ነገረኝ።

ይህን የነገረኝ ሁለተኛው ሰው እሱ ነው። የመጀመሪያው አባቴ ነበር። በሁለቱ መካከል ጸጉሬ ሸበተ፤ ንዴቱ ግን እንደ ትናንት ነው።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። መካኒሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ መብራት እይዝ ነበር። ሥራውን የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። የመብራቱን ከባድ ባትሪ በቀኝ ትከሻ አንግቶ፣ ግራ ክንድን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከቀራጩ ኋላ ኋላ መሮጥ ነው። የሰው ክትፎ ሲያልፍ ምራቅ መዋጥም አለበት፤ የቪዲዮ ሰው የሚበላው እንግዳው ሁሉ ከተነሣ በኋላ፣ የቀዘቀዘውን ነው። እኔ ግን ዓይኔ ከካሜራው አይነቀልም ነበር። ቀራጮቹ ምሳ ሲበሉ ካሜራውን ይተዉልኛል፤ እኔም ድንኳን ሥር የሚሯሯጡትን ሕፃናትና ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን የሚያሹትን ሴቶች እቀርጻለሁ። እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ያየው ሁሉ መስክሮልኛል።

የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት ጋሽ አድማሱ እንለው ነበር። በዚያ ዓመት ከዱባይ አዲስ ዲጂታል ካሜራ አስመጣ። ምስሉ የምንጭ ውኃ ነው፤ ነገር ግን ካሜራው ትንሽ ነው፣ እንደ ድሮዎቹ ትከሻ ላይ አይቀመጥም። ሠርገኛው ናቀው። አንዲት የሙሽራ እናት ትልቁ ካሜራ የት ቀረ ብላ አኩርፋ ቀረችብን። በእኛ ሰፈር ትከሻ ላይ ያልወጣ ካሜራ ካሜራ አይደለም። ደግሞ በሁለት እጅ ወደ ፊት ዘርግተው ሲይዙት ይከብዳል፤ ከሰዓት በኋላ ሠርጉ በሙሉ የምድር መንቀጥቀጥ ይመስላል።

አንድ ቀን ጋሽ አድማሱ ተማርሮ፣ ለዚህ ካሜራ ትከሻ ያበጀለት ሰው ዋናውን ቀረጻ ይወስዳል አለ። እኔም ብሆን? ብዬ ጠየቅኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ሳቀ።

"አንቺ መጀመሪያ ለራስሽ ትከሻ አብቅይ።"

"ካበቀልኩስ ጋሼ?"

"ካበቀልሽማ በጥር ወር ያለውን ትልቁን ሠርግ አንቺ ትቀርጪዋለሽ" አለ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

አባቴ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እቤታችን ደጃፍ ላይ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነበር። ሥራዬን አይወደውም ነበር። ሴት ልጅ በየሰው ሠርግ መንከራተቷ አሳፍሮት፣ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራኝም። ያን ዕለት ግን በካርቶን ላይ የሣልኩትን የካሜራ መሸከሚያ አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ብዙ አየው። ስለ ሠርግም ስለ ማምሸትም አላነሣም፤ ካሜራው ምን ያህል ይመዝናል ብቻ አለኝ። አባቴ በብረት ካልሆነ ከሰው ጋር መነጋገር የማይችል ሰው ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ።

የታኅሣሥን እሑዶች በዚያ ብረት ላይ አሳለፍን። የመጀመሪያው በጠፍጣፋ ብረት ተሠርቶ ከካሜራው ራሱ የከበደ ሆነ። ሁለተኛው ቀጭን ቧንቧ ነበር፤ ቀለለ፣ ግን በተራመድኩ ቁጥር ወደ ክንዴ ይንሸራተታል። አባቴ ሞረዱን አስቀመጠና ዞረሽ ቁሚ አለኝ። እነዚያን የሻከሩ መዳፎቹን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ልጅ ሆኜ ካቀፈኝ ወዲህ ነክቶኝ አያውቅም ነበር።

"ቀኝሽ ዝቅ ብሏል። ባትሪውን የምትሸከሚበት ነው?"

አዎ አልኩት። ቧንቧውን ሞርሳ በሚሉት መቆንጠጫ ላይ አስሮ እንደ ትከሻዬ ቁልቁለት አጎበጠው፤ የሚያርፍበትን ስፖንጅ በውጭ በኩል ወፈር፣ በአንገቴ በኩል ሳሳ አደረገው፤ በአሮጌ የመኪና ወንበር ልባስ ሸፈነው። ካሜራው ወደ ፊት እንዳይጥለኝ ከኋላ የሚዛን ብረት አንጠለጠለበት። ለእጄ መያዣ የብስክሌት መሪ ላስቲክ አገባለት። ካሜራውን ከቪዲዮ ቤት ተውሼ አምጥቼ ስሸከመው አባቴ መጣመሙን የሚያሳየውን ውኃ ልክ አናቱ ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብላ መሐል ላይ ቆመች።

ከዚያ ወደ ላፍቶ ማሳዎች ወረድን። ያኔ እዚያ ኮንዶሚኒየም የለም፤ ጤፍ ይወቃል፣ የጭዱ አቧራ አፍንጫ ይሞላል፣ ገበሬዎቹ የሽምብራ እሸት በእቅፍ በእቅፍ ይሸጣሉ። እኔ ካሜራውን በትከሻዬ አድርጌ ሁለት እጄን ለቅቄ ሄድኩ፤ አልወደቀም፣ አልተነቃነቀም። አባቴ እሸቱን እየፈለፈለ ከኋላዬ ይከተላል፤ አልፎ አልፎም እጁን ዘርግቶ አንዳንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ይከትልኛል። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል የተደሰትኩበት ቀን ብዙ አይደለም።

ጋሽ አድማሱ ብረቱን ሲያይ ወደደው፣ አመሰገነኝም። ቃል የገባልኝ ሠርግ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ልጅ ነበር። በጠዋቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጸጉሬን አስሬ ቪዲዮ ቤቱ ስደርስ ሳምሶን ቀድሞኝ ቆሟል። ሳምሶን የጋሽ አድማሱ የእህቱ ልጅ ነው፤ ባለ ሰፊ ደረት፣ ትከሻው እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ። ጋሽ አድማሱ ብረቱን ከትከሻዬ አውርዶ እሱ ላይ ጫነው። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ሴት ካሜራ ተሸክማ ካዩ ረዳቱን የላከብን ይመስላቸዋል፣ ሌላ ጊዜ ትቀርጫለሽ አለኝ። ብረቱ በእኔ ልክ ስለተሠራ እሱ ላይ ያዘነብላል ብዬ ነገርኩት።

"ትከሻ ትከሻ ነው" አለና ባትሪውን አቀበለኝ።

ሙሽራዋ ቤት ደረስን። ሚዜዎቹ ሊገቡ ይገፋሉ፣ የሙሽራዋ ወገኖች በሩን ዘግተው ይዘፍናሉ፣ እኛ መሐል ነን። መብራቴን ሰቅዬ ከኋላ ሳይ ካሜራው አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጓል። ለሳምሶን በጆሮው ነገርኩት። መብራትሽን ያዢ አለኝ። ኬኩ ሲቆረስ ደግሜ ነገርኩት፤ ዞሮም አላየኝ።

ካሴቱ ሲታይ ጉድ ፈላ። ሙሽሮቹ ዳገት ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ኬኩ አሁን ተንሸራቶ ሊወድቅ ነው። የሚመርቁት ሽማግሌዎች ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለዋል። ቤተሰቡ ቪዲዮ ቤቱ ድረስ መጥቶ ጮኸ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ፤ ጋሽ አድማሱ የእህቱን ልጅ መናገር ቢያቅተው እኔን ያዘ። በምቀኝነት ሆን ብላ አጣማ አሠርታ ነው አለ። ይህንን በየሱቁ አወራው።

ዐቢይ ጾም ገብቶ አንድ እሑድ፣ ጋሽ አድማሱ ብረቱን ይዞ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤታችን መጣ። አንደኛው የዕድራችን ዳኛ ነበሩ፤ አያቴ ስትሞት ድንኳኑን ያስተከሉ፣ አስከሬኑን ያሸኙ ሰው። ቆሎ ቀረበ። ጋሽ አድማሱ ስሙ እንደ ጠፋ፣ እኔ ልጅ እንደ ሆንኩ፣ ይቅርታ ብጠይቅና ብረቱ ቢቃና ነገሩ እንደሚያልቅ ዳኛው በለሰለሰ አንደበት ተናገሩ። አባቴ ሁሉንም ነግሬው ያውቃል። ውኃ ልኩ አባቴ ከተቀመጠበት ወንበር በላይ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። አውርዶ ብረቱን በእኔ ትከሻ ላይ ለክቶ የሚያሳያቸው መስሎኝ ጠበቅኩ። እሱ ግን መሬት መሬት ያያል።

"አባዬ፣ በማን ልክ እንደሠራኸው ንገራቸው" አልኩት።

ቀና አላለም። "ተይው ልጄ፣ ከሰው አታቀያይሚን።" ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ "እናንተ ካላችሁ እኔ ምን እላለሁ" አለ።

ጉልበት ስሜ ባላጠፋሁት ይቅርታ ጠየቅኩ። አባቴ ብረቱን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። በመስኮቱ አየዋለሁ። ልባሱን ገፈፈ፣ ስፖንጁን ከውጭ በኩል ቆርጦ ጣለ፣ ቧንቧውን ሞርሳው ላይ አስሮ በእሳት አጋለውና መታው። ሲጨርስ ገብቶ ውኃ ልኩን ወሰደና አስቀመጠበት፤ ረክቶ አነሣው። ለጋሽ አድማሱም በሁለት እጁ፣ አጎንብሶ አቀበለው።

ወደዚያ ቪዲዮ ቤት አልተመለስኩም፤ ካሜራም ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍቼ ልጆቼን አሳደግኩበት። ሳምሶን በዚያ ብረት ብዙ ዓመት ሠርግ ቀረጸ። በሰው ሠርግ ስንገናኝ የብስክሌቱን ላስቲክ ከሩቅ አውቀዋለሁ፣ ወንበሬንም ወደ ሌላ ጎን አዞራለሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ነገሩን አላነሣውም። በሸመገለ ጊዜ ልጠይቀው ስሄድ ቀኝ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ነበር የሚስመኝ፤ እጁንም ቶሎ አያነሣም። ምናልባት ይቅርታው ያ ነበር። ለእኔ ግን አልበቃኝም። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት እጁን ዘርግቶ ውኃ ልኩን ለእኔ ብሎ ከግድግዳው ቢያወርድ ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ይሉኝታ ክፉ ሰውን አይጎዳም፤ ክፉውን ሰው ደጅ ድረስ ሸኝቶ ተመልሶ የገዛ ልጅን ነው የሚያጎብጠው።

ልብስ ሰፊው ስፖንጁን ትከሻዬ ላይ አስቀምጦ በመስተዋቱ አሳየኝ። እውነትም ቀጥ ብያለሁ። አንሣው አልኩት። የምለብሰው እኔ ነኝ፣ እንደ ትከሻዬ አድርገህ ስፋው። ግራ ገብቶት ስፖንጁን አነሣ፤ ኋላ ግን ለእኔው አስቦ፣ "ቪዲዮ ላይ ጠሞ ይታያል እኮ እትዬ" አለኝ።

ይታይ አልኩት።